ሲዲ4ን ያሳየን አንቲቦዲ፦ የአንድ የምርምር መሣሪያ ታሪክ



ዛሬ የማቀርበው ታሪክ የአንድ ወረርሽኝ ወይም የአንድ ታላቅ ሐኪም ታሪክ አይደለም። በየላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ በትንሽ ብልቃጥ ስለሚቀመጥ አንድ መሣሪያ ነው የምናገረው፤ ሲዲ4 የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ ስለሚይዘው አንቲቦዲ። የምሟገትለትም ሐሳብ አጭር ነው። አንቲቦዲ የሚመሰክረው ስለ ሕዋሱ ሳይሆን እርሱ ስለሚያውቃት አንዲት የፕሮቲን ቁራጭ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ሰዎችን የነካ ታሪክ አለው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ። የትኛው ረዳት፣ የትኛው ገዳይ እንደ ሆነ በዓይን አይለይም። ከእንስሳት ደም የሚዘጋጀው የቀድሞው ሴረም የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ ስለ ነበረ፣ እንስሳው በተለወጠ ቁጥር ውጤቱም ይለወጥ ነበር። ይህን የለወጡት በካምብሪጅ የሞለኪውል ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ጀርመናዊው ጆርጅ ኮህለርና ከአርጀንቲና የመጣው ሴዛር ሚልስታይን ናቸው። በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ የበግ ቀይ የደም ሕዋስ ከተወጋች አይጥ ጣፊያ የተወሰደን አንቲቦዲ አምራች ሕዋስ ከማይሎማ ካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱት። የጣፊያው ሕዋስ በላቦራቶሪ ብዙ አይቆይም፤ የካንሰሩ ሕዋስ ግን መባዛቱን አያቆምም። ድቅሉ ከአንዱ ሙያውን፣ ከሌላው ዕድሜውን ወረሰ፤ አንድ ዓይነት አንቲቦዲም ያለ ማቋረጥ አመረተ። ለግኝቱ የባለቤትነት መብት አልተመዘገበለትም። በእንግሊዝ አገር ይህ እንደ ታላቅ የገንዘብ ኪሳራ ሲወቀስ ኖሯል፤ እኔ ግን ዘዴው በጥቂት ዓመታት ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ ምክንያት ጭምር ይመስለኛል። ሁለቱ ሰዎች በ1984 ከኒልስ የርነ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በ1979 በአሜሪካ ፓትሪክ ኩንግና ባልደረቦቹ ኦኬቲ4 የተባለውን አንቲቦዲ ይፋ አደረጉ፤ በስታንፎርድ ደግሞ ሊዩ3 የተባለው ወጣ። ሁለቱም የሚይዙት የረዳት ቲ ሕዋሳትን ፕሮቲን ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ለልጁ የራሱን ስም ያወጣ ስለ ነበር አንባቢው ግራ ይጋባ ነበር። በ1982 በፓሪስ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች አንቲቦዲዎቹን እርስ በርስ አነጻጽረው አንድ ዓይነት ጠባይ ያሳዩትን መደቡ። «ሲዲ» የሚለው መጠሪያ ከዚያ ምደባ የመጣ ነው። አስቀድሞ በቁጥር የተሰየመው የአንቲቦዲዎች ምድብ መሆኑን ልብ በሉ፤ ፕሮቲኑ ስሙን የወረሰው ከመሣሪያዎቹ ነው።

መሣሪያው በጊዜው ደረሰ። በ1981 በሎስ አንጀለስ እንግዳ የሳንባ ምች የያዛቸው ወጣቶች ደም በእነዚህ አንቲቦዲዎች ሲመረመር ረዳት ሕዋሳቱ ጠፍተው ማለት ይቻላል ተገኙ። ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ሐኪሞቹ ይህን ጉድለት በዚህ መልክ ሊያዩት ባልቻሉም ነበር። በ1984 ደግሞ የለንደንና የፓሪስ ተመራማሪዎች ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ የሚገባው በዚሁ በሲዲ4 በኩል መሆኑን አሳዩ። ሊዩ3ኤ ፕሮቲኑን ሲይዝ የቫይረሱን መንገድ ይዘጋል፤ ኦኬቲ4 ግን ያንኑ ፕሮቲን በሌላ ቦታ ስለሚይዝ አይዘጋም።

አሁን ወደ ክፍተቱ ልምጣ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ ደማቸው በኦኬቲ4 ሲመረመር ረዳት ሕዋስ የሌላቸው የሚመስሉ ሰዎች ተገኙ፤ በተለይ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸውና በጃፓናውያን ዘንድ። በሊዩ3ኤ ሲመረመሩ ግን ሕዋሳቱ ሙሉ ነበሩ። በፕሮቲኑ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ፣ አርጊኒን፣ በትሪፕቶፋን ተተክቶ ስለ ነበር ኦኬቲ4 የሚያውቃትን ቁራጭ አጣ እንጂ ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱት ደግሞ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። አይጧ ስትወጋ የተሰጣት ሕዋስ ይህን ልዩነት አልያዘም ነበር፤ ጉዳዩ ይኸው ነው።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ጉዳይ በአገራችን አለ። በ1994 የተጀመረው የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአዲስ አበባ ጤነኛ ጎልማሶችን ሲመረምር፣ የሲዲ4 ቁጥራቸው ከኔዘርላንድስ ሰዎች ዝቅ ብሎ አገኘው። ወደ እስራኤል በፈለሱ ኢትዮጵያውያን ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እዚህ ላይ አንቲቦዲው አልሳተም፤ ጥያቄው ቁጥሩ የሚመዘነው በማን ሚዛን ነው የሚል ነው። ጥያቄው የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ አልነበረም። ነፃ ሕክምና በ2005 ሲጀመር፣ ገና ሕመም ያልጠናበት ሰው መድኃኒት ለማግኘት ቁጥሩ ከ200 በታች መውረድ ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኑን በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገው፤ በ2015 ደግሞ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ቁጥሩ ሳይታይ ይታከም አለ። የቀድሞዎቹን ወሰኖች ተራ አስተዳደራዊ ውሳኔ አድርገን ማንበብ የለብንም። መድኃኒት ውድ በነበረበት ዘመን ማን አስቀድሞ እንደሚድን የወሰኑ መስመሮች ነበሩና።

ቆጠራው ከዚያ በኋላም አልቀረም፤ ሕመሙ የጠናበትን ሰው ለመለየት 200 ዛሬም ያገለግላል። ፍሎው ሳይቶሜትር በሌለበት ጤና ጣቢያ አሁን በጣት ደም የሚሠራ ትንሽ መመርመሪያ አለ። ይህ መመርመሪያ ቁጥር አይሰጥም። አንቲቦዲው የያዘው ሲዲ4 አንድ መስመር ያወጣል፤ ባለሙያው ያንን መስመር ከማመሳከሪያው መስመር ጋር አስተያይቶ የትኛው እንደሚደምቅ በዓይኑ ይፈርዳል።