12 ኩንታል የሚመዝነው ዱባ ዘሩ ከየት መጣ?

 

ሰሞኑን የምትልኩልኝ ቪዲዮ አንድ ዓይነት ሆኗል። በማሽን የሚነሳ፣ ሰው አጠገቡ ሲቆም ልጅ የሚያህልበት ትልቅ ዱባ። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ይህን ዘር ከየት እናግኝ?» አንዳንዶቻችሁማ «በኢንተርኔት የሚሸጥ አግኝቻለሁ፣ ልግዛ ወይ?» ብላችሁኛል።

መልሱን ከመናገሬ በፊት የዚህን ዱባ ታሪክ ላጫውታችሁ። ታሪኩን ስትሰሙ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። እኔም በዚህ ታሪክ ምክንያት ለዓመታት የሰጠሁትን አንድ ምክር ትቼዋለሁ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዱባ አገሩ የት ነው?

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላሉ አባቶች። እውነታቸውን ነው። ሐረጋቸው ቢመሳሰልም ቅል የአፍሪካ ተክል ነው፤ ዱባ ግን ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። ወደ እኛ ዘንድ የደረሰው ፈረንጆች ከ1492 በኋላ አሜሪካ ደርሰው ዘሩ በዓለም ከተበተነ ወዲህ ነው።

ዱባ ራሱም ብዙ ዓይነት አለው። ግዙፎቹ የሚወጡበት ዓይነት በሳይንስ ስሙ ኩኩርቢታ ማክሲማ ይባላል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። የዱር ዘመዱ ዛሬም በአርጀንቲናና በኡራጓይ ይበቅላል፤ ፍሬው ትንሽ ነው፣ መራራም ነው። ከዚያ መራራ ነገር የሚበላ ዱባ ያወጡት የዚያ አገር ገበሬዎች ናቸው። ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። የተሻለውን እየለዩ ዘሩን ማስቀመጥ ብቻ ነው የሠሩት። ይህን ያዙልኝ።

የ6 ፍሬ ዘር ወሬ

በ1857 ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ኮንኮርድ በምትባል ከተማ፣ በጓሮው ጥግ 6 የዱባ ፍሬ ተከለ። ዘሩን ያገኘው ለሰዎች ዘር ያከፋፍል ከነበረ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ከ6ቱ የበቀሉት 2 ብቻ ናቸው። አንዱ ሐረግ 56 ኪሎ የሚመዝን አንድ ዱባ ሰጠው፤ ሌላው 4 ዱባ አፍርቶ በድምሩ 84 ኪሎ ገደማ ሆነ።

ትልቁ ዱባ በአካባቢው የግብርና ትርኢት ተሸለመ። የገዛው ሰው ዘሩን አውጥቶ አንዷን ፍሬ በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ሊሸጥ እንዳሰበ ቶሮ ጽፏል። አያችሁ? በኢንተርኔት «የግዙፍ ዱባ ዘር» መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። ከ160 ዓመት በፊትም ያው ነበር።

ያ ገዢ የያዘው ዘር እናቱ ትታወቃለች፤ ትልቁ ዱባ ናት። አባቱ ማነው? ንብ ብቻ ናት የምታውቀው።

72 ዓመት የቆመው ክብረ ወሰን

ከዚያ በኋላ ዊሊያም ዋርኖክ የሚባል ካናዳዊ መጣ። ጎድሪች በምትባል ከተማ ነበር የሚኖረው። በ1900 ፓሪስ ላይ በተደረገው የዓለም ትርኢት 181 ኪሎ የሚመዝን ዱባ አቀረበ። በ1904 ደግሞ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ትርኢት ላይ 183 ኪሎ አስመዘነ። ወደ 2 ኩንታል የሚጠጋ ዱባ ማለት ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ነገሩ ቆመ። ያን ክብረ ወሰን የሚሰብር ሰው የተገኘው በ1976 ነው፤ አንድ የፔንስልቬንያ ሰው 204 ኪሎ አስመዘነ። በመሀል 72 ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማዳበሪያ ተሻሽሏል፣ መስኖ ተስፋፍቷል፣ ትራክተር መጥቷል። ትልልቅ ዱባ የሚሰጥ ዘርም በሱቅ ይሸጥ ነበር። ታዲያ ለምን ቆመ?

ዋናውን ምክንያት አበባው ላይ ታገኙታላችሁ። ነገ ጠዋት ጓሮ ወጥታችሁ እዩ። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዴው ቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የምትመስል ነገር ይዛ ትወጣለች። ከወንዴው ወደ ሴቴዋ ብናኙን የምታደርሰው ንብ ናት። ንብ ደግሞ አጥር አታውቅም። ከጎረቤት ጓሮ፣ ከመንገድ ዳር፣ ከየትም ታመጣለች።

ስለዚህ ሰው ትልቁን ዱባ መርጦ ዘሩን ቢያስቀምጥም የመረጠው ግማሹን ብቻ ነው። የእናትን ወገን እሱ መረጠ፣ የአባትን ወገን ንብ መረጠች። አንድ ዓመት ወደፊት ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደኋላ ይመለሳል።

የከብት ገበሬው ሃዋርድ ዲል

ይህን የለወጠው ሳይንቲስት አይደለም። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ዊንድሰር በምትባል ቦታ የወተት ላም የሚያረባ ሃዋርድ ዲል የሚባል ገበሬ ነው። ትልቅ ዱባ ማብቀል ከአባቱ የወረሰው ፍቅር ነበር። አባቱ እያበቀለ ለትርኢት ያቀርብ ነበር።

ዲል ላም የሚያረባ ሰው ነውና ነገሩ ገባው። ጥሩ ጥጃ የሚፈልግ ሰው ላሟን ብቻ አይመርጥም፤ ኮርማውንም ይመርጣል። ዱባ ላይስ ለምን አይሆንም? እናም ንቧን ከሥራ አስወጣት። ጥሩ ነው ያለውን ሐረግ ከሌላ ጥሩ ሐረግ ጋር በገዛ እጁ አዳቀለ፤ የወጣውን መዘነ፣ አየ፣ ከዚያ እንደገና መረጠ። ይህን ለብዙ ዓመታት ሳይሰለች ደጋገመው።

በ1980 ዲል 208 ኪሎ አስመዝኖ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። በ1981 ወደ 224 ኪሎ አደረሰው። ያወጣውን ዝርያ «አትላንቲክ ጃያንት» ብሎ ሰየመው፤ ዘሩም ዓለምን ዞረ። ዛሬ በቪዲዮ የምታዩአቸው ግዙፍ ዱባዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚያ የአንድ ገበሬ ዘር የልጅ ልጆች ናቸው።

ዘር የትውልድ ሐረግ ሲኖረው

ከዲል በኋላ የመጡት አብቃዮች አንድ ነገር ጨመሩ፤ መዝገብ። እያንዳንዱ ታዋቂ ዘር የተገኘበት ዱባ ክብደትና ያበቀለው ሰው ስም ይሰጠዋል። ለምሳሌ ሮን ዋላስ የሚባል አሜሪካዊ በ2012 ያበቀለው ዱባ በእነሱ መለኪያ 2009 ፓውንድ ነበር፤ 911 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ዱባ የወጣው ዘር «2009 ዋላስ» ይባላል። እናቱ ማን፣ አባቱ ማን፣ አያቱ ማን እንደሆነ ተጽፎ አለ። ልክ የሰው የትውልድ ሐረግ እንደሚቆጠረው።

አባት ከታወቀ በኋላ ዱባው እንዴት እንደሮጠ እዩ፦

• በ1996፦ 481 ኪሎ (አሜሪካ)
• በ2012፦ 911 ኪሎ (አሜሪካ)
• በ2014፦ 1,054 ኪሎ (ስዊዘርላንድ)
• በ2016፦ 1,190 ኪሎ (ቤልጂየም)
• በ2021፦ 1,226 ኪሎ (ጣሊያን)
• በ2023፦ 1,247 ኪሎ (አሜሪካ)
• በ2025፦ 1,278 ኪሎ ከ800 ግራም (እንግሊዝ፣ ሁለት መንትያ ወንድማማቾች)

ወደ 13 ኩንታል ማለት ነው። በ72 ዓመት 22 ኪሎ ያልሞላ ጭማሪ የነበረው ነገር፣ ከዲል የ1980 ዱባ ወዲህ በ45 ዓመት ከ10 ኩንታል በላይ ጨመረ።

ከዚህ መዝገብ አንድ ነገር ልብ በሉ። የ2016ቱ የቤልጂየም ዱባ የበቀለው «2145 ማክሙለን» ከሚባል ዘር ነው። ያ የእናት ዱባ 973 ኪሎ ነበር፤ በጊዜው ከእሱ የሚበልጥ ዱባ ነበር። ማለትም ክብረ ወሰኑን የሰበረው ዘር የተገኘው ከትልቁ ዱባ ሆድ አይደለም። ልጆቹ ጥሩ ሆነው ከተገኙ ዱባ ነው።

ምን ተገኘ? ምን ጠፋ?

በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ግዙፉ ዱባ ከሌላው በምን እንደሚለይ መረመረ። የግዙፉ ዱባ ቅጠል ከተራው ዱባ ቅጠል የበለጠ ምግብ ሲሠራ አልተገኘም። ልዩነቱ ምግብ የሚያመላልሰው የውስጥ ቧንቧ ላይ ነው፤ በግዙፉ ዱባ ቧንቧው በዝቷል። ሰዎቹ ሳያውቁት ሲመርጡ የኖሩት እሱን ነው።

ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ግዙፉን ለማግኘት አንድ ሐረግ ላይ አንድ ዱባ ብቻ ይተዋል፤ ሌላው ሁሉ ይቆረጣል። ለአንድ ሐረግ የሚያስፈልገው ቦታ ብዙዎቻችሁ ለጎመን መደብ ከምትተዉት ይበልጣል። ውኃውና ፍጉ ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሰነጠቀና የበሰበሰ ደግሞ ውድድር ላይ አይቆጠርም። ጣዕሙስ? ውኃ ውኃ የሚል፣ ጭረት የበዛበት፣ ለወጥ የማይሆን ነው። ዲል ከተወለደባት ከተማ ሰዎች ዱባውን ፈልፍለው እንደ ጀልባ እየቀዘፉ ሐይቅ ላይ የሚወዳደሩበት በዓል ነበራቸው። በቃ፣ ጥቅሙ እሱ ነው።

አይገርምም፤ ክብደት ብቻ ሲመርጡ ኖሩ፣ ክብደት ብቻ አገኙ። ዘር የጠየቃችሁትን ይሰጣል፣ ያልጠየቃችሁትን ይረሳል።

የኔ ስህተት

አሁን ያልኳችሁን ልንገራችሁ። ሥራ ስጀምር «ለዘር ትልቁን ዱባ አስቀሩ» እያልኩ ነበር የማስተምረው። አንዲት እናት በጓሮአቸው ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ሲቀቀል እንደ ድንች ደረቅ የሚልና የሚጣፍጥ ዱባ ነበራቸው፤ ከእናታቸው የወረሱት። እኔ ግን «ይሄ ትንሽ ነው» ብዬ ከገበያ ከተገዛ ትልቅ ዱባ የወጣ ዘር ሰጠኋቸው። ከአሮጌው ጎን ተከሉት። የዚያን ዓመት ምንም አልተለወጠም፤ የብናኙ ለውጥ በልጁ እንጂ በዚያው ዱባ ሥጋ ላይ አይታይምና። በሚቀጥለው ዓመት ከሁለቱም ዘር ሲተክሉ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ብዙው ግን ውኃማ ሆነ። የእናታቸው ዱባ ጠፋ። «ልጄ፣ ትልቅ መቼ ጠየቅሁህ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የኢንተርኔቱን ዘር አትግዙ። እናትና አባቱን የማታውቁት ዘር ነው፤ ፎቶው የሌላ ዱባ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ዘር ማስገባት ደግሞ ፈቃድና የኳራንቲን ምርመራ ይፈልጋል፤ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ይልቅ የሃዋርድ ዲልን ዘዴ በራሳችሁ ዱባ ላይ ሥሩት፦

1. መጀመሪያ የምትፈልጉትን ወስኑ። ጣዕም ነው? ሳይበሰብስ ብዙ ወር መቆየት ነው? ድርቅ መቻል ነው? ሁለት ነገር ምረጡና በሱ ጽኑ።

2. ዱባውን ብቻ ሳይሆን ሐረጉን እዩ። ቅጠሉ በበሽታ ያልነጣ፣ ብዙ ያፈራ ሐረግ ላይ ምልክት አድርጉ።

3. ማታ ላይ፣ በነጋታው ሊከፈቱ ጫፋቸው ቢጫ የሆኑ ሴቴና ወንዴ አበቦችን አፋቸውን በክር እሰሩ። ወንዴውን ከሌላ ጥሩ ሐረግ ምረጡ፤ ዓይነቱ ግን አንድ ይሁን።

4. ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ንብ ሳትቀድማችሁ፣ ወንዴውን ቆርጣችሁ ቢጫ ልብሱን ግፈፉና ብናኙን ሴቴዋ መሀል ላይ ቀቡ። መልሳችሁ እሰሯት። አገዳዋ ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ ሳይጠብቅ እሰሩ።

5. ዱባው በደንብ ይብሰል፤ አገዳው ይድረቅ። ከተቆረጠ በኋላ አንድ ወር ያህል ይቀመጥ። ስትከፍቱት ቅመሱት። ካልጣፈጣችሁ ለወጥ እንጂ ለዘር አይሁን። መራራ ከሆነ ግን ፈጽሞ አትብሉት፤ መርዛማ ነው፤ ዘሩንም ጣሉ።

6. ዘሩን አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፤ ሲጎብጥ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ይሁን። በደረቅ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ላዩ ላይ ዓመቱን፣ እናቱንና አባቱን ጻፉ።

7. ዘር ከአንድ ዱባ ብቻ አትውሰዱ፤ ከሦስት አራት ጥሩ ሐረጎች ይሁን።

የቅል ብናኝ ዱባን አያዳቅልምና ቅል አጠገቡ ቢኖር አትስጉ።

በየቤቱ ከእናት ለልጅ የተላለፈ ዱባ አለ። እሱን ዘር ከኢንተርኔት አትገዙትም፤ አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ መመለሻው ከባድ ነው። ዘንድሮ ሐረጉ ሲያብብ ቢያንስ ሁለት አበባ በክር እሰሩ። ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም ይህን አንብቡለት፤ ንብ ከሱ ጓሮ ነውና የምትመጣው።

መልካም የምርት ዘመን!