ግንበኛው የማይመለስበት ግቢ

ደሴ የተማሪ ከተማ የሆነችው ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተላት በኋላ አይደለም። በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም የሚጠራው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ለብዙ ትውልድ የወሎን ልጆች አስተምሯል። ያ ተማሪ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ሲመጣለት ሻንጣውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዓለማያ ወይም ወደ ባሕር ዳር መሄድ ነበረበት። ይህ የተለወጠው ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን ለማቋቋም ሲነሣና ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ሁለት ግቢዎች ይዞ ሲመሠረት ነው። ስለነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተብሏል፤ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥራት ነው። ሕንፃዎቹ እንዴት እንደተሠሩ ግን እምብዛም አይነሣም። ከዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ ቁም ነገር ይወጣል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሕንፃዎች በፍጥነት ያቆማቸው በአንድ ገንቢ ድርጅትና በሥራው መካከል ለዓመታት የዘለቀ ትስስር ነው። ጉድለቱ ደግሞ ያ ትስስር ከመንግሥት ጋር እንጂ ከግቢው ጋር አለመታሰሩ ነበር።

ግንባታው የተመራው የዩኒቨርሲቲ አቅም ግንባታ ፕሮግራም በተባለ ማዕቀፍ ነው። ገንዘቡ የኢትዮጵያ መንግሥት ሲሆን፣ ሥራውን እንዲያስተዳድር የተቀጠረው የጀርመኑ ጂቲዜድ ዓለም አቀፍ አገልግሎት ክንፍ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት የጀርመን ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ጂአይዜድ የሆነው ማለት ነው። ነገሩ እርዳታ አልነበረም፤ አሠሪና ሠራተኛ የተዋዋሉበት የሚከፈልበት ሥራ ነበር። አሠራሩም ከተለመደው ይለያል። አንድን ሕንፃ ለአንድ ትልቅ ተቋራጭ ጠቅልሎ ከመስጠት ይልቅ ሥራው ተቆራርሶ ለአነስተኛና መካከለኛ ተቋራጮች ይሰጥ ነበር። አስተዳዳሪው ድርጅት ዲዛይኑን ያቀርባል፣ ዕቃውን ያስተባብራል፣ በሳይቱ ላይ ሥልጠና ይሰጣል። ሲሚንቶ ከገበያ ይጠፋ በነበረበት በዚያ ዘመን ትንሽ ተቋራጭ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ገና መሠረቱን ሳያወጣ ሥራው በቆመ ነበር።

የሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ወለል፣ አሠራር ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በተለመደው መንገድ ወለል ለመሙላት መጀመሪያ ከሥሩ የባሕር ዛፍ አጣና ጥቅጥቅ ተደርጎ ይቆማል፣ በላዩ ጣውላ ይነጠፋል፣ ፌራዮው ፌሮውን ያስራል፣ ከዚያ አርማታው ይሞላል፤ ድጋፉ እስኪነሣ ድረስ ከሥር ያለው ክፍል ለሌላ ሥራ አይሆንም። ፕሮግራሙ የተጠቀመበት ዘዴ ግን በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ቦሌ ገርጂ ላይ በዝቅተኛ ወጪ ቤቶች የተሞከረው፣ ኋላም ወደ ኮንዶሚኒየም የተሸጋገረው ነው። ቀጫጭን የአርማታ ቢሞች መሬት ላይ ቀድመው ይመረታሉ፤ ሲደርቁ በሰው ጉልበት ተነሥተው ከግድግዳ ግድግዳ ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸው ክፍት ብሎኬት ይደረደራል፤ በላዩ ስስ አርማታ ይፈስበታል። ጣውላ የለም ማለት ይቻላል፤ አጣናውም ጥቂት ነው። ይህን ሥራ የመጀመሪያውን ሕንፃ ሲሠራ የሚንገዳገድ ቡድን አምስተኛው ላይ ሲደርስ ካቦው ሳይጮኽበት ይሠራዋል። ዘዴው ዋጋ የሚያወጣው በድግግሞሽ ነው፤ ድግግሞሽ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሕንፃ ሠርቶ ለሚሄድ ተቋራጭ ይህን መማር ኪሣራ ነው።

ረጅም ትስስር ለአገራችን ከፍተኛ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ዓለማያ የቆመው በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካው ኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው፤ ያ ግንኙነት እስከ 1960 ዓ.ም. ዘልቋል። በዚያ ዘመን ሕንፃው፣ እርሻውና መምህሩ አንድ ላይ አደጉ። አዲስ አበባ ላይ በ1947 ዓ.ም. አካባቢ የተመሠረተው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ከዚህም አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ግንባታን ራሱን የትምህርትና የምርምር ጉዳይ አድርጎታል። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክን ግን ሶቪየት ኅብረት ሠርታ በ1955 ዓ.ም. አካባቢ አስረከበች። ሕንፃው እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ሆኖም ተሠርቶ የተሰጠ ነገር እንጂ ከግቢው ጋር አብሮ ያደገ አልነበረም። የወሎው ታሪክ ከሁለቱ መካከል የሚወድቅ ይመስለኛል፦ በአሠራሩ ወደ ዓለማያ፣ በአጨራረሱ ወደ ባሕር ዳር ይጠጋል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ድርጅቱ ሄደ፤ ልምዱን ያካበቱት ትንንሽ ተቋራጮችም የሚቀጥለውን ሥራ ፍለጋ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱን ሕንፃ በየጨረታው ያሠራል። ዛሬ ቤተ መጻሕፍት የሠራው ነገ ማደሪያ ከሚሠራው ጋር አይተዋወቅም፤ ውኃው በየት እንደተቀበረ፣ አፈሩ የቱ ጋ እንደሚያብጥ የሚያውቀው ሰው ከርክክቡ ጋር ይሄዳል።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። አንድ ድርጅት ለዓመታት ከአንድ ግቢ ጋር ከታሰረ ውድድር ይጠፋል፤ ውድድር ሲጠፋ ዋጋ ይንራል፣ ወዳጅነቱም ወደ ሙስና ይዞራል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ በአገራችን የግዥ ሕግ የተጠበቀውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጨረታው ራሱ ምን አመጣልን? የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርቶች ስለ ዩኒቨርሲቲ ግንባታዎች መጓተት በተደጋጋሚ አንሥተዋል። ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ያሸነፈ ተቋራጭ የዋጋ ጭማሪ ይጠይቃል ወይም ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ቀሪውን ለማስጨረስም ሌላ ጨረታ ይወጣል። ውድድሩን አንድ ጊዜ፣ በግልጽ፣ ለብዙ ዓመት ማድረግ ይቻላል። የአንድ ሜትር ኩብ አርማታና የአንድ ካሬ ልስን ዋጋ በውሉ ተቆርጦ፣ ከገበያው ጋር የሚስተካከልበት ቀመር አብሮ ይቀመጣል፤ ሥራው ካላማረም ዩኒቨርሲቲው የሚያሰናብትበት አንቀጽ ይኖረዋል። የማዕቀፍ ስምምነት የሚባለው ሐሳብ በግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ውስጥ ስለነበረ አዲስ ነገር አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ እኔንም ያሳስበኛል። ያ ረጅም ትስስር ያፈራው ተመሳሳይ ሕንፃ ነው ይባላል። እውነት ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርዱ አጥንት በሚሰብርባት ደሴ፣ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደው በሚያገኟት ሞቃታማዋ ኮምቦልቻና በአፋር በረሃ ባለችው ሰመራ ያሉት ሕንፃዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የጦሳ ተራራ ተዳፋት በክረምት መንሸራተቱን የደሴ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አዲስ አበባ የተሳለ ንድፍ ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ከትስስሩ ርዝመት ጋር ማያያዝ ስሕተት ነው። ፕሮግራሙ ረጅም ጊዜ የተዋወቀው ከአገሪቱ ጋር እንጂ ከደሴ ጋር አይደለም። አንድ ገንቢ በአንድ ግቢ ሦስትና አራት ክረምት ካሳለፈ ንድፉን የሚያርመው ያየው ስንጥቅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቋራጭ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ ለአሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ሕግ አውጪው ገንቢውንና ሕንፃውን ለረጅም ጊዜ አስተሳስሮ አይቷቸዋል። በተግባር ግን ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ አንድ ዓመት ያልፋል፤ የተያዘው ገንዘብ ይለቀቃል፤ ግንኙነቱም በዚያው ያበቃል። ይህ ክፍተት የሚያስከፍለው ዋጋ በክፉ ቀን ይታያል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው በኅዳር 27 ነጻ መውጣታቸው ሲታወጅ፣ ከተዘረፉትና ጉዳት ከደረሰባቸው ተቋማት አንዱ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ግቢ የመጀመሪያ ጥያቄው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ግን ማን ያውቀዋል የሚለው ነው። የመብራት መስመሩን የዘረጋ፣ የቧንቧውን መክፈቻ ያስቀመጠ ድርጅት በውል ታስሮ ቅርብ ቢሆን ጥገናው በግምት ሳይሆን በእውቀት ይጀመራል።

ኮምቦልቻ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ አላት፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም በቻይናው ሲቪል ምሕንድስና ኩባንያ የተገነባ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ከሁሉም በላይ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ነው። የምሕንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ መንፈቅ ያህል በሥራ ላይ ልምምድ ማድረግ ግዴታው ነው፤ የሚቀበለውን ድርጅት ፍለጋም ከተማ ለከተማ ይዞራል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለአሥር ዓመት ለመሥራትና ለመጠገን ውል የሚፈርም ተቋራጭ ቢገኝ፣ ከውሉ አንቀጾች አንዱ እነዚህን ልጆች በገዛ ግቢያቸው ሳይት ላይ መቀበል ሊሆን ይገባል፤ የሕንፃዎቹ የተሟላ ፕላንም በኢንስቲትዩቱ ተቀምጦ፣ ጥገና በተደረገ ቁጥር በተማሪዎቹ እጅ ይታረም።