ከመኪናው ሥር ያለ ቀስት

ቋንቋችን ከጣሊያንኛ የወረሳቸውን ቃላት መሰብሰብ የሚሻ ሰው፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመሄዱ በፊት አንድ ጋራዥ ቢጎበኝ ሥራው ይቀልለታል። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ኩሽኔታ፤ ሁሉም እዚያው በዘይት ተለውሰው ይገኛሉ። ጣሊያን አገራችንን የያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለአምስት ዓመታት ብቻ ነበር። ሠራዊቱ ተሸንፎ ወጣ። ከእጅ ባለሙያዎቹ ግን ብዙዎቹ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፣ ለአበሻ ወጣቶችም ሙያውን አስተማሩ። የጦርነቱ ቋንቋ ተረስቶ የመፍቻውና የብሎኑ ቋንቋ ከእኛ ጋር ቀረ።

ከእነዚህ ቃላት ሁሉ ሐሳቤን ይዞ የቆየው “ባሌስትራ” የሚለው ነው። በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ተደራርበው የሚተኙት፣ ጎበጥ ያሉ የብረት ቅጠሎች መጠሪያ መሆኑን አንባቢዬ ያውቃል። በጣሊያንኛ ግን ባሌስትራ መኪና ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የጦር መሣሪያ ነበር፦ በእንጨት ግንድ ላይ አግድም የተጋደመ፣ ጅማቱ ተወጥሮ በማስፈንጠሪያ የሚለቀቅ ቀስት። ብረቱ ሲታጠፍ ኃይል ያጠራቅማል፤ ሲለቀቅ ያጠራቀመውን ይመልሳል። ሠረገላ ሠሪዎችም ከዚህ የተለየ ነገር አልፈለጉም። ልዩነቱ ቀስተኛው የተጠራቀመውን ኃይል በሰው ላይ ሲልከው፣ ሠረገላ ሠሪው ተሳፋሪውን ከጉድጓድ ሊጠብቅበት መሻቱ ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ እንድከታተል የገፋፋኝ የቃላት ፍቅር ብቻ አይደለም። አባቴ ያገለገለ ላንድክሩዘር ትቶልኝ አልፏል፤ “ባለ 60” ከሚባለው ዘር የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ባለ ናፍጣ። እናቴ የምትኖረው ከዋናው አስፋልት ርቆ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው፤ በየሦስት ወሩም ለሕክምና ክትትል ወደ ከተማ መምጣት አለባት። በክረምት የጭነት መኪኖች ጎማ መንገዱን በሁለት ወገን ይቆፍረውና መሃሉ እንደ ጀርባ አጥንት ጎብጦ ይቀራል። መኪናችን በዚያ ጉብታ ላይ ሆዱን እየጎተተ መሄድ ከጀመረ ሰነባበተ። አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ ቀረና የእናቴ ቀጠሮ አለፈ። ስለዚህ “ከፍ እናድርገው” የሚለው አሳብ መጣ። በእጄ የነበረው ገንዘብ ግን ሻጮች “ሙሉ ዕቃ” ከሚሉት ዋጋ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም ነበር። እንዴት፣ በምን ያህልና በምን ዋጋ የሚለው ጥያቄ ወደ ታሪክ መለሰኝ።

የጥንት ሠረገላዎች በቆዳ ጠፍር የተንጠለጠሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1804 ኦባዲያህ ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ፣ የተደራረቡ የብረት ቅጠሎችን በሞላላ ቅርጽ አገጣጥሞ ለሠረገላ መሸከሚያ በማዋል የባለቤትነት መብት አገኘ። ጥበቡ ቀላል ነው። አንድ ወፍራም ብረት ያንኑ ሸክም ልሸከም ቢል ደርቆ አልታጠፍም ይላል፣ ከታጠፈም ይሰበራል። ያው ብረት በስስ በስሱ ተከፍሎ ሲደራረብ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ድርሻውን ይሸከማል፤ ቅጠሎቹም እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ንዝረቱን ያበርዱታል። ከ1908 ጀምሮ የተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ በሁለት አግድም ባሌስትራዎች ላይ ተቀምጦ የአሜሪካን ጭቃ ተሻገረ። በ1941 የመጣው ዊሊስ ጂፕ፣ በ1948 አምስተርዳም ላይ የታየው ላንድሮቨር፣ በ1951 ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ማረፊያ የወጣው የቶዮታ ቢጄ፣ ሁሉም በባሌስትራ ላይ የቆሙ ነበሩ። ይህ የቶዮታ መኪና ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። ሬንጅሮቨር በ1970 ወደ ጥምዝምዝ ሞላ ዞረ፤ ላንድክሩዘርም የ60ውን ቦታ በተካው በባለ 80ው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ፣ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። የአባቴ መኪና እንግዲህ በአራቱም እግሩ በባሌስትራ ላይ ከቆሙት የመጨረሻዎቹ የቤተሰብ ላንድክሩዘሮች አንዱ ነው።

በአገራችንም ይህ ብረት የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1907 መጨረሻ ገደማ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ አንድ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዐፄ ምኒልክ ሲያመጣ፣ በመካከሉ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ ተስፋፋ፤ ቢሆንም ሰፊው ገጠር ለረጅም ዘመን ከፍ ያለ ሆድና ታጋሽ ባሌስትራ ላለው መኪና የተተወ ሆኖ ኖረ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። አሮጌ መኪናን ከፍ ለማድረግ ርካሽ የሆኑ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚያስከፍለውን በስውር ይዞ ይመጣል። ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ማንጠልጠያ ማስረዘም አንዱ ነው። ማንጠልጠያው በ5 ሴንቲሜትር ቢረዝም መኪናው የሚያገኘው ግማሹን፣ 2.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ የባሌስትራው አንድ ጫፍ ባለበት ይቀራልና። በፊት እግር ላይ ሲሆን ደግሞ የአክስሉን ዘንበል ይለውጣል፤ መሪውም በራሱ ወደ መሃል የመመለስ ጠባዩን ሊያጣ ይችላል። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ጉርድ ማስገባት ሁለተኛው ነው። ይህ ባሌስትራቸው ከአክስሉ በላይ ለሆነ መኪኖች፣ ያውም ለኋላ እግር ብቻ የሚታሰብ ነው። በባለ 60ው ላይ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ስለሚያልፍ፣ ጉርዱ ቢገባ መኪናውን ከፍ ሳይሆን ዝቅ ያደርገዋል። ባሌስትራውን ከአክስሉ በላይ አዙሮ መበየድም አለ፤ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ያስገኛል፤ ግን የመሪው ዘንግ፣ የፍሬኑ የጎማ ቱቦ፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ሁሉም እንደገና መስተካከል አለባቸው። ቤቱን ከሻንሲው በጎማ ድጋፍ ማራቅም ይቻላል፤ ከሩቅ ለሚያየው ያኮራል፣ ጉብታውን የሚነካው ሆድ ግን እዚያው ነው።

ቅጠል መጨመርስ? በእኛ አገር የተለመደው ይህ ነው። ጭነት ለሚያመላልስ ሰው ያገለግላል። ባዶውን ለሚሄድ መኪና ግን መሸከሚያውን ያደርቀዋል፤ የማይታጠፍ ባሌስትራም እያንዳንዱን ድንጋይ ለተሳፋሪው ወገብ ያደርሳል። እኔ ደግሞ የምጭነው ጤፍ ሳይሆን የታመመች እናት ናት። አሮጌውን ቅጠል በመዶሻ ማጉበጥም ርካሽ ነው፤ ብረቱ ግን በእሳት ተሞርዶ ጠባዩ በወጉ ካልተመለሰለት ብዙም ሳይቆይ ወደ ድካሙ ይመለሳል።

በሙያው የሸመገሉ አንድ መካኒክ ጉዳዩን በአንድ ጥያቄ አቃለሉልኝ።

“ልጄ፣ ከፍ ይበል የምትለው ከምን ላይ ተነሥቶ ነው?”

“ዛሬ ካለበት ነዋ፣ ጋሼ።”

“ዛሬ ያለበት ቁመቱ መስሎህ ነው? ለካው እንጂ!”

ለካነው። መኪናውን በደልዳላ ቦታ ባዶውን አቁመን፣ ከየጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለውን ርቀት ወሰድን። ከዚያ ባሌስትራውን በቅርቡ በአዲስ ከቀየረ ተመሳሳይ መኪና ጋር አስተያየነው። የእኛው በኋላ ግራ 4፣ በኋላ ቀኝ 3፣ በፊት ደግሞ 1 ሴንቲሜትር ያህል ጎድሎ ተገኘ። አባቴ መኪናውን በነዳበት ዘመን ሁሉ ብረቱ ያጠራቀመውን እየመለሰ፣ እየመለሰ፣ ጥቂት በጥቂት መመለስ ተስኖት ኖሯል። እኔ ጭማሪ ስፈልግ መኪናው የጠየቀው የጎደለበትን ነበር።

አሮጌ መኪና ላለውና ገንዘቡ ለተቆጠረ ሰው ከታሪኩም ከልኬቱም ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ከፍታ የጠፋውን መመለስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ብድር ነው። ከመሪው ጽናት፣ ከዘንጉ መጋጠሚያ ዕድሜ፣ በኩርባ ላይ ካለው ሚዛን፣ በእኛም ቤት ከእናቴ ጉልበት የሚወሰድ ብድር። ለመሳፈር ስትል አንድ ስንዝር የሚጨመርባት እርሷ ናትና።

ስለዚህ ገንዘቡን በቅደም ተከተል አወጣሁት። ለኋላ እግር በፋብሪካው ቁመት የተሠራ፣ ለመካከለኛ ጭነት የሚሆን አዲስ ባሌስትራ ገዛሁ። ለአራቱም እግር ሾክ አብዞርበር አስቀየርኩ፤ አዲስ ብረት በደከመ ሾክ ከተገጠመ መኪናው እንደ ፈረስ ይዘላልና። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚይዙት ብሎኖች አንዴ ተወጥረው የተሳቡ ስለሆኑ መልሶ መጠቀም አይመከርም፤ እነርሱንና የማንጠልጠያዎቹን ጎማዎች በአዲስ ተካሁ። የፊቱ ጉድለት ትንሽ ስለሆነ ለሚቀጥለው ዓመት አቆየሁት። የቀረው ለደጋፊ መርገጫ ሆነ።

አንድ ነገር ግን መሸሸግ አይገባም። ሙሉ አክስል ባለው መኪና ላይ ባሌስትራ የሚያነሣው ሻንሲውን፣ ነዳጅ መያዣውንና ማርሚታውን ነው። ዲፈረንሻሉ ከአክስሉ ጋር ስለሚቀር ንቅንቅ አይልም። እርሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን የጎማው ስፋት ከላይ እስከ ታች በ5 ሴንቲሜትር ቢያድግ አክስሉ የሚያገኘው 2.5 ነው። በአሁኑ ክረምትም የመኪናው ሆድ ጉብታውን ሲያልፍ ዲፈረንሻሉ አልፎ አልፎ ሣሩን ይላጨዋል። ግን ያልፋል፤ እናቴም ከቀጠሮዋ አልቀረችም።

የወለቁትን አሮጌ ቅጠሎች ጋራዡ ጥግ አልተውኳቸውም። የባሌስትራ ብረት ጽኑ ስለሆነ በየገጠሩ ያሉ ቀጥቃጮች ይፈልጉታል፤ ቢላዋና ማጭድ፣ ማረሻም ይሠሩበታል። ጭኜ ለእናቴ ጎረቤት ለሆኑት አንጥረኛ ወሰድኩላቸው። ትውልድ ሁሉ በሥራው እየኖረ ስማቸውን ሲያዋርድ ከኖረባቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። ረጅሙን ቅጠል አንሥተው በጣታቸው ደወል እንደሚመታ ሰው አንኳኩና ድምፁን አዳመጡ። “ይህ ገና ብዙ ይሠራል” አሉ። ለኅዳር አጨዳ ማጭድ ሆኖ ይደርሳል።