ከከሰል ጫኝነት እስከ ወደብ መዝጊያ፦ የ«ኢንዴቨር» መርከብ ውጣ ውረድ

በ1768 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለሳይንስ ጉዞ ወደ ደቡብ ፓስፊክ የምትላክ መርከብ ሲያፈላልግ ዓይኑ ያረፈው በጦር መርከብ ላይ አልነበረም። በ2,800 ፓውንድ ግድም የገዛት ከአራት ዓመት በፊት ዊትቢ ላይ የተሠራችውን የድንጋይ ከሰል ጫኝ ነው። «ኢንዴቨር» ብሎ ሰየማት። አዛዥነቱንም በዊትቢ የከሰል መርከቦች ላይ ሙያውን ለተማረው ለጄምስ ኩክ ሰጠ።

የከሰል መርከብ ፍጥነትም ውበትም የላትም። ሆደ ሰፊና ወለለ ጠፍጣፋ ናት፤ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋ ላይ ቁጭ ብላ ታራግፋለች፣ ውኃው ሲመለስ ተነሥታ ትሄዳለች። ብዙ ስንቅ ለመሸከምም ሆነ ካርታ ወዳልተሠራለት ዳርቻ ለመጠጋት ይህ አሠራር ተመራጭ ነበር። 94 ሰዎች ታጭቀውባት ኦገስት 26 ቀን ከፕሊመዝ ተነሡ።

ጥቅሙ የታየው ጁን 11 ቀን 1770 ሌሊት ነው። መርከቧ ከአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ዳርቻ ማዶ ከኮራል ቋጥኝ ጋር ተላተመች። ስድስት መድፎችና ብዙ ጭነት ወደ ባሕር ተወርውረው፣ በማግስቱ ምሽት ውኃው ሲሞላ ተላቀቀች፤ ይሁንና ታፈስ ነበር። ጆናታን መንክሃውስ የተባለ ወጣት በንግድ መርከብ ላይ ያየውን ዘዴ አመጣ። ከአሮጌ ገመድ የተፈታ ቃጫና ሱፍ አስከትፎ፣ በጠጥ አስነስንሶ ሸራ ላይ አስለጠፈ። ሸራው በገመድ ከመርከቧ ሆድ ሥር ሲጎተት የሚገባው ውኃ ራሱ እየሳበ ቀዳዳው ላይ ወተፈው። ወንዝ አፍ ላይ በጎኗ አስተኝተው ሲጠግኗት ተሰብሮ የቀረ የኮራል ጉማጅ ቀዳዳውን ደፍኖ ተገኘ።

ጉዞው ግን የሳይንስ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ በቦተኒ ቤይ ጦር ይዘው የተከላከሉ ሁለት የአገሬው ሰዎች ላይ ተተኩሶባቸዋል። ኦገስት ላይ ኩክ ባለቤቶቹን ሳይጠይቅ ዳርቻውን የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ነው ብሎ አወጀ፤ 18 ዓመት ሳይሞላ የእስረኞች ሰፈራ ተከተለ። መርከበኞቹም ዋጋ ከፍለዋል፤ ባታቪያ ወደብ ላይ በያዛቸው በሽታ እዚያና በመልስ ጉዞው 30 ግድም ሰዎች አለቁ። መንክሃውስ አንዱ ነበር።

በ1771 አገሯ ስትገባ ኩክ ማዕረግ ተጨመረለት፤ ባሕር ኃይሉ ግን እሷን እንደ አጋሰስ ነበር የሚያያት። ወደ ፎክላንድ ደሴቶች ስንቅ አመላለሰባትና በ1775 በ645 ፓውንድ ሸጣት። «ሎርድ ሳንድዊች» ተብላ የጀርመን ቅጥር ወታደሮችን ወደ አሜሪካ ጦርነት አጓጓዘች፤ በሮድ አይላንድ ኒውፖርት ወደብ ላይም የምርኮኞች እስር ቤት ሆነች። በ1778 የፈረንሳይ መርከቦች ሲመጡ እንግሊዞች ወደቡን ለመዝጋት ከሌሎች አሮጌ መርከቦች ጋር ሆን ብለው አሰመጧት።

በ2022 የአውስትራሊያ ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ስብርባሪዋ መለየቱን ሲያስታውቅ፣ የሮድ አይላንድ ተመራማሪዎች «ተቻኩላችኋል» ብለው ተሟገቱ። ለ645 ፓውንድ አሳልፈው የሰጧት መርከብ ዛሬ የሁለት አገር ምሁራንን ታከራክራለች።