ዴርቶጋዳን እንደገና ገለጥነው

እናላችሁ፣ እኛ የሰሚት ልጆች ሰሞኑን «ዴርቶጋዳ»ን እንደገና እያነበብን ነው። ጥራዙ ተገነጣጥሏል፣ ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፏል፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሒሳብ ተሰልቶበታል... ግን አለ። የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ አዟሪዎች ክንዳቸው ላይ ከሚደረድሩት ሁሉ አናቱ ላይ የሚያስቀምጡት እሱን ነበር። በ2002 «ራማቶሓራ» መጣ፤ ከዚያ «ዣንቶዣራ»። ፈረንጆቹ ለሃሪ ፖተር ሌሊት ሲሰለፉ እኛም «ቀጣዩ መቼ ነው?» የምንልበት የራሳችን ነበረን ማለት ነው።

ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ በአሜሪካ የሕዋ ምርምር ትልቅ ደረጃ የደረሰ ሻጊዝ የሚባል ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ አገሩ መግባት ይፈልጋል። ሰላዮቹ ደግሞ እንዲገባ አይፈልጉም። ሚራዥ የተባለ ሐኪም ነገሩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሩጫ ነው፣ ምስጢር ነው፣ ኮድ ነው። የቋጠሮው ሁሉ ጫፍ የጣና ገዳማት ዘንድ ነው።

ያኔ «ይሄማ የዳን ብራውን ነገር ነው» የሚሉ አልጠፉም። ሩጫውን በተመለከተ እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም። ምናቡ ግን የት አባቱ! የኛው ነው፤ ያውም በጣም ያረጀ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ አምደ ጽዮን ዘመን የተጻፈውን ክብረ ነገሥት ግለጡ። ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ከሰጣት ስጦታ መካከል በባሕር ላይ የሚሄድ መርከብ አለ፤ ሌላ ደግሞ በነፋስ ላይ የሚሄድ አለ። ልጇ ታቦቱን ይዞ ሲመጣም ሠረገሎቹ ከምድር ከፍ ብለው ይጓዛሉ፤ የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን ያልቃል። ይህን የጻፉት ሰዎች አውሮፕላን አላዩም፣ ሆሊውድንም አላዩም። መጽሐፈ ሄኖክንም ጨምሩበት፤ ሰውየው ወደ ሰማይ ተወስዶ የፀሐይን በሮችና የነፋሳትን ማከማቻ እየዞረ ያያል። ሙሉው መጽሐፍ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። አውሮፓ ያገኘችውም ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከእኛ ዘንድ ቅጂዎቹን ይዞ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ይስማዕከ ጣና ላይ የሕዋ ምስጢር ሲያስቀምጥ ባዶ ቦታ ላይ አልቆመም።

ጣናም ቢሆን ለምስጢር የታጨ ቦታ ነው። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት ያህል ጣና ቂርቆስ ቆይታለች ይላል የገዳሙ ትውፊት። ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አጽም ያረፈበት ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ባለው፣ ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ይሸሹ ነበር። መደበቅ እዚያ ልብ ወለድ አልነበረም፤ ሥራ ነበር። (በነገራችን ላይ ሐይቁ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል እንጂ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። አንድ የሰሚት ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም እዚያ ቢቆም ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ ሳይረጥብ አይቀርም ትላላችሁ?)

ሻጊዝን ግን አንባቢው ሁሉ ያያያዘው ከእውነተኛ ሰው ጋር ነው፤ ከኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ጋር። ቅጣው በ1940 ዓ.ም. ቦንጋ ተወለደ። የተማረው የት መሰላችሁ? እዚያው ጣና ዳር፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ። ከዚያ ጃፓን፣ ከዚያ አሜሪካ፤ በናሳ የጠፈር መንኮራኩርና የሳተላይት ሥራ ውስጥ ስሙ የሚጠራ መሐንዲስ ሆነ። ጥር 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ቴክሳስ ውስጥ አረፈ። መጽሐፉ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ ወለዱ ያደረገውን አስቡት፦ ታሪክ ያልመለሰውን ሰው ጣና ዳር ሊመልሰው ተነሣ።

እኛን ያኔ ያሰከረን የተደበቀው ጥበብ ነበር። «አለን፣ ተሸሽጎ ነው እንጂ» የሚል ነገር ደስ ይላል፤ ለዚህም ነው ታሪኩን እንደ እውነት ይዞ የሚሟገት ሰው የበዛው። ሆኖም የተሸሸገ ነገር ማንንም አያስለፋም። መጽሐፉ ከወጣ ከ10 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት 70 ኪሎ ገደማ ሆና ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ተወነጨፈች። የወጪውን አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት፤ መቆጣጠሪያው እንጦጦ ላይ ተሠራ። ገዳም የለ፣ ኮድ የለ፤ ውል፣ ሥልጠናና ስብሰባ ብቻ። ለልብ ወለድ አይመችም። እኛ ግን ይህችን ትንሽ ሳተላይት ከጣና ሥር ካለው ምስጢር ሁሉ እንመርጣታለን።

ዘንድሮ ስናነበው ሩጫውን ቶሎ ቶሎ ነው ያለፍነው። ሻጊዝ «አገሬ ልግባ» የሚለው ጋ ስንደርስ ነው ቀዝቀዝ ያልነው። ያኔ መጽሐፉን በየተራ ከተዋዋስነው ልጆች መካከል ሦስቱ አሁን ዳላስና ቶሮንቶ ናቸው፤ ወደ ሥራ ሲነዱ በትረካ እያዳመጡት ነው። ራማቶሓራ ላይ ደርሰዋል፤ ቀድመውናል።