የሕይወት አድን ጀልባ «ጄምስ ኬርድ»

ጥድ፣ ኤልምና ኦክ እንጨት
ለንደን፣ እ.ኤ.አ. 1914
ርዝመት፦ 7 ሜትር ገደማ

ጀልባዋ በሰር ኧርነስት ሻክልተን የአንታርክቲክ ጉዞ ላይ ከተጫኑት አንዷ ናት። መርከባቸው «ኢንዱራንስ» በበረዶ ተጨፍልቃ በኖቬምበር 1915 ሰጠመች፤ 28ቱ ተጓዦች በኋላ በሦስት ጀልባዎች ሰው ወደማይኖርበት ኤሌፈንት ደሴት ደረሱ።

ለውቅያኖስ እንድትመች ያደረጋት አናጢው ሃሪ ማክኒሽ ነው። ጎኖቿን ከፍ አደረገ፤ ክፍት አናቷን በበረዶ ጋሪ መንሸራተቻዎችና በሳጥን ክዳኖች ረብርቦ ሸራ አለበሰው። ሸራው በብርድ ስለደረቀ ሳይሞቅ አይሰፋም ነበር። ስንጥቆቹን በመብራት ክር፣ በዘይት ቀለምና በአቆስጣ ደም ደፈነ። እንዳትገለበጥ ሆዷ በድንጋይ ተሞላ።

ስድስት ሰዎች እርዳታ ለማምጣት ኤፕሪል 24 ቀን 1916 ከኤሌፈንት ደሴት ተነሥተው ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በመቅዘፍ ሳይሆን በአብዛኛው በሸራ ተጉዘው፣ ሜይ 10 ሳውዝ ጆርጂያ ደረሱ። መንገድ መሪው ፍራንክ ወርስሊ ሰማዩ ደመና ስለነበር ፀሐይን በሴክስታንት የለካው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በኤሌፈንት ደሴት የቀሩት 22ቱ ኦገስት 30 በቺሊ መርከብ «የልቾ» ሁሉም በሕይወት ተወሰዱ።

ዝናው የሻክልተን ቢሆንም ጀልባዋን ለባሕሩ ያበቃት የማክኒሽ እጅ ነው። ቀደም ሲል በበረዶው ላይ ከአዛዡ ጋር ተጋጭቶ ስለነበር የፖላር ሜዳልያ ከተከለከሉት አራት ሰዎች አንዱ ሆነ። ጀልባዋ በ1922 ሻክልተን ለተማረበት ለደልዊች ኮሌጅ ተሰጠች።