አንበጣና ነፋስ፦ የአንድ የስሜት አካል ታሪክ



በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ በምኖርበት ቤት በረሮ ለመግደል ጫማ ያነሣሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የተሳካልኝ ግን ጥቂት ነው። ከጫማው በፊት ጫማው የገፋው አየር ይደርሳል። በበረሮው ጀርባ ጫፍ ያሉት ሁለት ቀንድ መሳይ አካላት ቀጫጭን ፀጉሮች አሏቸው፤ ፀጉሮቹ ሲነቀነቁ ምልክቱ በወፋፍራም የነርቭ ክሮች ወደ እግሮቹ ይሮጣል። የሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ በረሮው ዞሮ ይሸሻል።

የዛሬው ጉዳዬ ግን አገራችንን ደጋግሞ ያስራበው የበረሃ አንበጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 መንጋው በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል አወደመ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው ይህ አንድ ሚሊዮን ሰው ለዓመት ይመግብ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን የጠፋውን እህል ይቆጥራሉ፤ አንበጣውን ግን መቅሠፍት ብለው ያልፉታል። እኔ ይህን ጉድለት እለዋለሁ።

ከዚያ ጥፋት ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1949፣ ዴንማርካዊው ቶርኬል ቫይስ-ፎግ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አጭር ጽሑፍ አወጣ። እግሮቹ መሬት እንዳይነኩ ተንጠልጥሎ የታሰረ አንበጣ ፊቱ ላይ ነፋስ ሲያገኘው መብረሩን ይቀጥላል። ነፋሱን የሚያውቀው በግንባሩና በአናቱ ላይ በበቀሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ነው። በ1961 ዶናልድ ዊልሰን ሌላ ነገር ጨመረ፦ ከክንፎቹ የሚመጣው የስሜት ነርቭ ቢቆረጥም የክንፍ ምቱ ሥርዓት ከነርቭ ማዕከሉ ራሱ ይወጣል። ስለዚህ ነፋሱ እያንዳንዱን ምት አያዝዝም፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ ያደርጋል እንጂ። በ1978 ደግሞ ቤከንና ታይረር የእነዚያን ፀጉሮች መልእክት ከራስ ወደ ደረት የሚያደርስ አንድ ትልቅ የነርቭ ሕዋስ ገለጹ።

በ2012 ዓ.ም. መንጋው ቦረናን በወረረ ጊዜ፣ ከዚያው አካባቢ የመጣ አንድ ተማሪ በተበሳሳ የሃይላንድ ፕላስቲክ ጥቂት አንበጣዎች አመጣልኝ። ቤተ ሙከራችን የነርቭ ምልክት የሚለካ መሣሪያ አልነበረውም። ክብሪት እንጨት፣ ሰም፣ የጠረጴዛ ቬንትሌተርና ከአንዲት ተማሪ የተዋስነው የጥፍር ቀለም በቂ ሆኑልን። እንጨቱን በጀርባው በሰም አጣብቀን ቬንትሌተሩን ስንከፍት አንበጣው ያለማቋረጥ በረረ። የፊቱን ፀጉሮች በጥፍር ቀለም ከሸፈንን በኋላ ጥቂት አራግቦ ቆመ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ያ ልጅ ግን አላጨበጨበም።

«ዶክተር፣ ይህን ማወቃችን ለአባቴ ከብቶች ሣር ያተርፍላቸዋል?» አለኝ።

አያተርፍም አልኩት። መልሱ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ታሪክ ነገርኳቸው። ኦሪት ዘጸአት አንበጣውን የምሥራቅ ነፋስ እንዳመጣውና የምዕራብ ነፋስ እንደወሰደው ይተርካል። ገበሬውም ይህን ያውቃል። ሳይንሱ የደረሰበት በ1951 ነው፤ እንግሊዛዊው ሬይኒ መንጋው በጥቅሉ ነፋሱን ተከትሎ እንደሚጓዝና ነፋሳት በሚገናኙበት፣ ዝናብም በሚጥልበት ስፍራ እንደሚከማች አመለከተ። እዚህ ላይ ሁለቱ ግኝቶች ይጋጫሉ የሚል ተማሪ አይጠፋም። አይጋጩም። ፀጉሮቹ የሚለኩት አንበጣው ራሱ ሲበር ፊቱን የሚመታውን አየር ነው። ከአገር አገር ተሸክሞ የሚወስደውን ታላቁን ነፋስ ግን አንበጣው በእነዚህ ፀጉሮች አያውቀውም፤ በጀልባ የተኛ ሰው የወንዙን ፍሰት በቆዳው እንደማያውቀው ነው።

እንግዲህ ያንን ነፋስ ማወቅ ለእኛ የቀረ ሥራ ነው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ድንበር ተሻጋሪ የሆነው ስለዚህ ነው፤ ነፋሱ ኬላ የለውም። ልጁን በሚቲዎሮሎጂ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲሠራ መከርኩት። የተረፉትን አንበጣዎች መልሶ ይዞ ሊሄድ ሲል ግን ከለከልኩት፤ ፕላስቲኩ እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለ።